የሐዲስ ተራ

«አንተ! የማን ማሳ ላይ እንደቆምክ ታውቃለህ?»

የልጅቷ፣ የልዩ፣ ጩኸት ዋንዛው ዛፍ ላይ የነበሩትን ጉሬዛዎች በተነ እንጂ ወንድሟን ቀና አላደረገውም። ይርዳው ከጦርነቱ ወዲህ ግራ ጆሮው አይሰማም። ዞራ በቀኙ በኩል እስክትቆም ድረስ ቀያዩን እሸት ቡና እየለቀመ ቅርጫት ውስጥ ይከት ነበር። ቅርጫቱ ደግሞ የነሱ አይደለም። እጀታው በቀይ ሲባጎ የተጠቀለለ ነው፤ የጋሽ ተረፈ ቅርጫት መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«ቡናው እየረገፈ ነው» አለ ይርዳው። «ጋሽ ተረፈ ዘንድሮ ለቃሚ አላገኙም።»

«ባያገኝስ? እነዚህ እኮ የኛ ናቸው! አባዬ የተከላቸው ናቸው!»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። እንዴት አላውቅም?»

ያበገናት ይኸው መልስ ነው። ቢክዳት ይሻላት ነበር። እያወቀ፣ የገዛ አባቱን ቡና ለቅሞ ለቀማኛ ያስረክባል! ደሟ ፈላ። ቅርጫቱን በሁለት እጇ ብድግ አደረገችና ጭቃው ላይ ገለበጠችው።

ጥፊ ጠብቃ ነበር። የድሮው ይርዳው ቢሆን ጥፊው ቀድሞ፣ ነገሩ ኋላ ይመጣ ነበር። ይሄኛው ግን ተንበረከከ። የፈሰሰውን ቡና አንድ በአንድ እያነሳ፣ ጭቃውን በሱሪው እየጠረገ ወደ ቅርጫቱ መለሰ። ልዩ ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ ማልቀስ እንዳይቀድማት ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ሮጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚዛን ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንደራቸው የእነልዩና የተረፈ ማሳ ጎን ለጎን ነው። ድንበሩን የሚለየው አንድ ትልቅ ድንጋይ ሲሆን፣ ልዩ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ድንጋዩ ከጅረቱ አጠገብ ነበር። ይርዳው ለጦርነቱ በዘመተ በአምስተኛው ወር አባታቸው አቶ ጌታሁን ወባ ጣለውና ሞተ። ለቀስተኛ ተመልሶ፣ ድንኳን ተነቅሎ ሦስት ወር ሳይሞላ ድንጋዩ በእግሩ የሄደ ይመስል ከዋንዛው ሥር ተገኘ። በዋንዛውና በጅረቱ መሀል ያለው ሃያ ሦስት እግር ቡና በአንድ ሌሊት የተረፈ ሆነ። ልዩ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየውን አንቱ ብላ አታውቅም።

እናቷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰው ፊትም አፏ አይፈታም። ስለዚህ ለቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ማመልከቻ የምትጽፈውም፣ በእናቷ ስም ቆማ የምትናገረውም ልዩ ሆነች። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ዳኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ለመዷት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት እየቀረች ቀጠሮ ተመላለሰች። ድንበሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ተረፈን ፈርተው «ረሳነው» አሉ። ድንጋዩ መጀመሪያ ሲተከል በቦታው የነበሩትና በሕይወት አሉ የሚባሉት ተረፈ ራሱ፣ ይርዳውና የተረፈ ልጅ ሐዲስ ናቸው። ይርዳውና ሐዲስ አብረው አድገው፣ አብረው ኳስ ተጫውተው፣ አብረው ነው የዘመቱት።

«ግድ የለም» ትል ነበር ልዩ በልቧ። «ይርዳው ይምጣ ብቻ።»

ይርዳው ስንዝር የማይለቅ ሰው ነበራ! አንድ ጊዜ ኳስ ሜዳ በእጅ ውርወራ ሲከራከር ጨዋታው ሳያልቅ መሽቷል። ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ አንዲት ሴትዮ ብትቀድመው፣ ከረጢቷን አውርዶ ቦታዋ ድረስ ወስዶ አስቀምጦላታል። እውነት የሱ ከሆነች ለንጉሥም አይመለስም።

ጦርነቱ ቆመና፣ ጆሮው ተጎድቶ ስለነበር ከቀደሙት ጋር ተሰናብቶ መጣ። ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። ልዩ ግን የመጣው ማን እንደሆነ እስካሁን አልገባትም። ፍራሹን ትቶ በሩ ሥር መሬት ላይ ይተኛል። ጀርሲውን፣ ያን በፊት ማንም እንዳይነካበት የሚምልበትን፣ ለሚያልፍ ልጅ ሰጠ። እናቱና እህቱ በልተው እስኪጠግቡ እጁን ወደ ምግብ አይሰድም። ጅረቱ ዳር ይቀመጥና ውሃውን እያየ ግማሽ ቀን ይውላል። ልዩ በሒሳብ ፈተና ከክፍሏ አንደኛ መውጣቷን ስትነግረው «እግርሽ ደርቋል? እርጥብ ጫማ አታድርጊ» ብሏታል። ስለ ድንበሩ ስትነግረው ዝም ብሎ ሰማና «እሺ» አለ። እሺ! ሁለት ዓመት የጠበቀችው ለዚህ ነው?

በዚያው ቀን፣ ቅዳሜ ምሳ ላይ ፊት ለፊት ጠየቀችው።

«ረቡዕ ቀጠሮ አለን። ትመሰክራለህ አይደል?»

«አልመሰክርም።»

እናታቸው የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«ለምን?» አለች ልዩ። «ፈርተኸው ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው? ንገረኝ እንጂ! እኔ እኮ ለዚህ ነገር ስንት ቀን ከክፍል ቀረሁ። አንተ ሳትኖር የአባዬን ነገር የያዝኩት እኔ ነኝ። አሁን ጀግናው መጣ ስንል ለሌባው ቡና ትለቅማለህ። ጀዝበሃል እንዴ?»

«ልዩ!» አለች እናቷ።

«ተይያት» አለ ይርዳው። «እውነቷን ነው።» ተነስቶ ወጣ። ልዩን ከስድብም በላይ የሚያሳርራት ይኸው ነገሩ ነበር። እሷ ለጠብ ስትዘጋጅ እሱ «እውነትሽን ነው» ይላታል። ከማን ጋር ትጣላ?

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተረፈን አጥር ታክካ ማለፍ ነበረባት። ይርዳው ከአጥሩ ወዲያ ቡና ማድረቂያ አልጋው ላይ እሸት እያሰጣ ነው። የተረፈ ሚስት እትዬ ማናልሞሽ አጠገቡ ቆመዋል። ክርና መርፌ ከእጃቸው አይለይም፤ አረንጓዴ ሹራብ ይሠራሉ። እትዬ ማናልሞሽ በዚህ ሁሉ ክስ መሀል ለልዩ አንድም ቀን ሰላምታ ነፍገዋት አያውቁም። እሷ ግን አጸፋውን በአፍንጫዋ ነበር የምትመልሰው።

«ልኬቱን በአንተ ላይ ልሞክረው» አሉ እትዬ ማናልሞሽ፣ ሹራቡን በይርዳው ጀርባ ላይ እየዘረጉ። «ቁመታችሁ አንድ አይደል? ወይስ ሐዲስ ከሳብኝ?»

«ትንሽ ከስቶ ነበር» አለ ይርዳው።

«በሚቀጥለው ዙር ነው የሚመጣው ብለኸኛል።»

«አዎ እትዬ።»

«ደብዳቤውስ ለምን ቀረ? እዚያ ፖስታ የለም?»

«የለም። ሩቅ ነው።»

ልዩ ከአጥሩ ወዲህ የወንድሟን ፊት አየችው። እትዬ ማናልሞሽ ከጀርባው ስለሆኑ አላዩትም። አንድ ሰው ሊመታው እጁን እንዳነሳበትና እሱም ምቱን እንደሚጠብቅ ዓይነት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ጅረቱ ዳር ጠበቀችው። ሲመጣ መንገዱን ዘጋችበት።

«ሐዲስ የት ነው?»

«ምን?»

«በደህናው ጆሮህ ስማ። ሐዲስ የት ነው?»

ይርዳው ተቀመጠ። ቦቲ ጫማውን አውልቆ እግሩን ውሃው ውስጥ ከተተ። ልዩ ከመንገዱ አልወጣችም።

«ሞቷል» አለ በመጨረሻ። «ሰኔ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው።»

ልዩ ደብተሯን አቀፈች።

«እዚያ ዛፍ የለም» አለ ይርዳው። «ድንጋይና አቧራ ነው። ምሽጋችን ኮረብታ ላይ ነው፤ ውሃው ታች ሸለቆ ውስጥ። ጀሪካን ይዞ መውረድ በተራ ነው። መንገዱን መድፍ ያየዋል። ሁለት ቀን ፀጥ ብሎ ነበርና፣ ያን ቀን ማንም አልፈራም። ተራው የሐዲስ ነበር። ተረከዙ ቆስሏል። ‹ዛሬ ሂድልኝ፣ እኔ ሁለት ቀን እሄድልሃለሁ› አለኝ። እኔ በዋዜማው ሄጄ ነበር። ‹ተራ ተራ ነው› አልኩት። ለመነኝ። ‹ተራ ተራ ነው፤ እዚህ ማንም የማንም አሽከር አይደለም› አልኩት። እየተነጫነጨ፣ እግሩን እየጎተተ ወረደ።»

«ከዚያስ?»

«ጀሪካኑን አገኘነው።»

ጅረቱ ድንጋዮቹን እየዘለለ ይወርዳል። ይርዳው በመዳፉ ውሃ ዘገነና መልሶ አፈሰሰው።

«ልክ ነበርኩ እኮ» አለ። «ማንንም ጠይቂ። የምሽጉ ልጆችም ‹ልክ ነበርክ፣ ተራው የሱ ነበር› ብለውኛል። አሁን ይህን ልክነቴን ምን ላድርገው? አንቺ ስለ ድንጋዩ ስታወሪ እውነትሽን እንደሆነ ይገባኛል። ግን ‹የኔ ነው› የሚለው ቃል አፌ ላይ ሲደርስ ጀሪካኑ ይመጣብኛል። ቡናውን ልለቅም የሄድኩትም… ዘንድሮ ሐዲስ ቢኖር የአባቱን ቡና የሚለቅመው እሱ ነበር። የሱ ተራ ነበር።»

አሳዘናት። ግን ሐዘኑ ንዴቷን አላጠፋውም፤ እንዲያውም እንደ እርጥብ እንጨት አጨሰው።

«እና እናቱን ‹ይመጣል› ትላታለህ? ሹራብ እያስለካህ?»

«አዛዣችን ‹ወረቀቱ እስኪመጣ አፋችሁን ያዙ› ብሎናል።»

«አትሸውደኝ! ወረቀቱን ፈርተህ አይደለም። እሷን ፈርተህ ነው። ለሐዲስ ብለህ የአባዬን ቡና ትሰጣለህ። የአባዬን ለምን ትሰጣለህ? የራስህን ስጥ!»

«የራሴ ምን አለኝ?»

«እውነቱ አለህ። እሱን ስጣቸው።»

«አልችልም» አለ ይርዳው። ድምፁ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር። ልዩ ደብተሯን ታቅፋ ትታው ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ያካፋል። የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ ጣሪያ እየተንጣጣ፣ የማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ አቶ ኢሳይያስ ለመስማት አንገታቸውን አስግገዋል። ልዩ ከእናቷ ጋር ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። እትዬ ማናልሞሽ በሩ አጠገብ ናቸው፤ እጃቸው ከሹራቡ ላይ አይነሳም።

ተረፈ ኮቱን ቆልፎ ተነሳ።

«ክቡራን ዳኞች፣ ነፍሱን ይማረውና ጌታሁን በመጨረሻ ሕመሙ ላይ ሳለ ያቺን ቁራሽ መሬት ‹ላደረግክልኝ ሁሉ ያንተ ትሁን› ብሎ በቃሉ ሰጥቶኛል።»

ይህን ሲል ልዩ ተስፈነጠረች። እናቷ በቀሚሷ ይዛ አስቀመጠቻት።

«ማን ሰማ?» አሉ አቶ ኢሳይያስ።

«ልጄ ሐዲስ ሰምቷል። ሊዘምት ሲሰናበተው ነው የተናገረው። ሐዲስ እንደ ሌላው የመንደር አፈኛ አይደለም፤ ለአገሩ ደረቱን የሰጠ ልጅ ነው። እሱ ሲመጣ እዚህ ቆሞ ይናገራል። ልጄ እስኪመጣ ይጠበቅልኝ።»

አባቷ ታሞ የተኛው ሐዲስ ከሄደ ከወራት በኋላ ነው። ሰውየው ሁለት ሙታን ጎትቶ አምጥቶ ውሸቱን እያሸከማቸው ነው፤ የአንዱን መሞት ሳያውቅ።

«የኔ ልጅ፣ የምትመልሽው አለሽ?» አሉ አቶ ኢሳይያስ።

ተነሳች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ሁለት ቃል ብቻ፦ ሐዲስ ሞቷል። ሁለት ዓመት የተናገረችው ሁሉ ያላደረገውን እነዚህ ሁለት ቃላት ያደርጉታል። ተረፈ እዚያው በቆመበት ሲፈርስ ታያለች። እንዲፈርስም ፈለገች። አባቷን በመቃብሩ ውስጥ ያዋረደ አፍ ሲዘጋ ማየት ፈለገች።

አፏን ከፈተች። በሩ አጠገብ፣ ባላቸው «ልጄ ሲመጣ» ሲል ቀና ያሉት እትዬ ማናልሞሽ አሁንም ቀና እንዳሉ ናቸው። ወደ ልዩ አይተው ፈገግ አሉ፤ አይዞሽ፣ አትፍሪ የሚል ዓይነት ፈገግታ ነው። ሹራቡ እጅጌ አውጥቷል።

ቃሉ የሚመታው ተረፈን ብቻ ቢሆን ኖሮ ትተፋው ነበር።

«ቀጠሮው…» አለች። «ቀጠሮው ይራዘምልን።»

እናቷ ክንዷን ቆነጠጠቻት። አቶ ኢሳይያስ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። ይህቺ ልጅ ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር እንደ ነብር የምትቆጣ ልጅ ናት።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ጥር መጨረሻ።»

«እንኳንም ገባት» አለ ተረፈ፣ ወደ አጠገቡ ሰው ዘንበል ብሎ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ። ልዩ ከንፈሯን ደም እስክትቀምስ ነከሰችው።

ይርዳው ውጭ፣ አዳራሹ ጣራ ሥር ከዝናቡ ተጠልሎ ነበር። አልገባም እንጂ መጥቷል። ከነገሩ ምን ያህሉን በአንድ ጆሮው እንደሰማ ልዩ አልጠየቀችውም።

«ነገ ማለዳ ትነግራቸዋለህ» አለችው።

«ልዩ…»

«ዛሬ ልናገረው ነበር። እዚያ ሰው ፊት፣ ለተንኮል ብዬ። ለትንሽ ነው የተረፍኩት። ሌላ ቀን አልተርፍም፤ እኔ እንዳንተ አይደለሁም፣ ተናድጃለሁ። ስለዚህ ነገ።»

«ስለ ተራውም ልንገራቸው?»

አሰበች። የምትችለውን ያህል ጨካኝ ሆና ልትመልስለት ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም።

«እሱን አላውቅም። እሱ ያንተ ነው።» ጃንጥላውን ለእናቷ አቀበለችና ወደ አቶ ተካ ቤት፣ ወደ እድሩ ዳኛ፣ በካፊያው መሀል ሄደች። መርዶ በአንድ ሰው አፍ እንደማይነገር የአባቷ ሞት አስተምሯታል።

እናታቸው ከሰዓት በኋላ ነገሩን ስትሰማ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። «ተረፈን ልጁን አያሳየው ብዬ ረግሜዋለሁ» አለች ደጋግማ። «በንዴቴ። ማርያምን፣ በንዴቴ ነው።» ይርዳው አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ያዘ። ከመጣ ወዲህ እንባው ሲወርድ ልዩ ያየችው ያኔ ነው።

ሐሙስ ገና ወፍ ሳይንጫጫ ተሰበሰቡ። አቶ ተካና ሦስት የእድሩ ሰዎች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አምስት ስድስት ሴቶች፣ እናታቸው፣ ይርዳውና ልዩ። ጭጋጉ ከቡናው በላይ ተኝቷል። በጭቃው ላይ የሚሰማው የእግር ድምፅ ብቻ ነው።

«ክሱስ?» አለ ይርዳው በሹክሹክታ።

«ከአርባው በኋላ» አለች። «አልተውኩትም። ውሸታም ነው፤ ቡናውም የኛ ነው። አንተ ባትመሰክርም እከሳለሁ።»

«ሐዲስ ሲዘምት አባዬ ጤነኛ እንደነበር መናገር እችላለሁ» አለ ይርዳው። «የድንጋዩን ነገር ግን… አላውቅም። እስቲ ልየው።»

«እየው» አለች ልዩ።

እሷ እግሯ ፈጣን ስለሆነ ሳታስበው ከሁሉም ቀድማ ከተረፈ ደጅ ደረሰች። ውሻው ጮኸ። ተረፈ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ፋኖስ ይዞ ወጣ። መጀመሪያ ያያት እሷን ብቻ ነው።

«ደግሞ በዚህ ሰዓት ምን ልትሞግቺኝ ነው?» አለ። «ቀጠሮሽን ራስሽ አላራዘምሽም?»

ከዚያ ፋኖሱን ከፍ አደረገ። ከኋላዋ በጭጋጉ ውስጥ አቶ ተካን አየ። ሴቶቹን አየ። ነጠላቸው እንዴት እንደሆነ አየ። ከቤት ውስጥ የእትዬ ማናልሞሽ ድምፅ «ማነው? ማነው የመጣው?» ይላል።

ልዩ ለተረፈ ያዘጋጀችው ስንት ስድብ ነበራት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠራቀመችው። አንዱንም አላወጣችውም። ከደጃፉ ፈቀቅ አለችና ወንድሟን አሳለፈችው፤ እሷም ተከትላው ገባች።